ባና የለበሰችው መኪና ሹፌር

ጋሽ ወንድይራድ መሞቱን የሰማሁት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቆሜ ነው። ከመንዝ የመጣው አውቶቡስ ሰው ሲያራግፍ ፈለቀን አየሁት። ፈለቀ ከጋሽ ወንድይራድ በኋላ የድሮ ጤና ጣቢያችንን መኪና የያዘ ሹፌር ነው። እንደ ልማዱ ከሩቅ ይስቅልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣና እጄን ይዞ ዝም አለ። እጅ ተይዞ ዝም የሚባለው ለምን እንደሆነ ዕድሜዋን በነርስነት የጨረሰች ሴት አይጠፋትም። ማን እንደሆነ ብቻ ጠየቅሁት።

"ጋሽ ወንድይራድ" አለኝ። "መኪናዋ ውስጥ ነው የሞተው፣ ሲስተር። እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ከበር ሳንወጣ።"

ማልቀስ ይገባኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። የመጣብኝ ንዴት ነው። ሰው በሻንጣና በዶሮ እየገፋኝ መሐል መንገድ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ፈለቀ ሌላም የነገረኝ ነገር አለ፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ሰውየውን እወቁልኝ።

የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም። መንዝ ውስጥ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ብዙ አይርቅም፤ ይኼ ይበቃችኋል። ሰዎቹ ዛሬም አሉ፤ ገሚሶቹማ ተሹመዋል። እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እዚያ ስመደብ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የመጀመሪያ ቀን ከመሐል ሜዳ ሊወስደኝ የመጣው ሹፌር ጋሽ ወንድይራድ ነበር። አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሪዙን በቅቤ የሚያሰማምር ሰው። አዝራሩ የሚያብለጨልጭ የወታደር ካፖርት ለብሷል። እናቴ እንዳሳደገችኝ "እርስዎ" ብዬ ሰላም አልኩት። ሻንጣዬን መልሶ መሬት አስቀመጠው። "እርስዎ የምትይኝ ከሆነ በእግርሽ ትሄጃለሽ። ማን አረጀ አለሽ?" አለኝ። እስከ መጨረሻው "አንተ" እንዳልኩት ቀረሁ፤ ጋሽ የምትለዋን ግን አላስቀረሁበትም።

ጉረኛ ነበር፣ ልደብቅላችሁ አልፈልግም። በሰሜን ጦር ውስጥ ከባድ መኪና ነድቷል፣ እሱን ሲያወራ ውሎ ቢያድር አይደክመውም። ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ አገሩ ገባ። የደርግ ወታደር ተብሎ ሥራ የሚሰጠው አጥቶ ከቆየ በኋላ ጤና ጣቢያው ቀጠረው። ለእሱ አዝነው እንዳይመስላችሁ። መኪናዋን ይዘው የነበሩት ሹፌሮች ሁሉ ተራ በተራ ጥለዋት ስለሄዱ ነው።

መኪናዋ ረጅም፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሲወጣ ጥሎልን የሄዳት አሮጌ ነበረች። ለዚያ ሁሉ ቀበሌ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ትመጣለች፣ እኛ ካልቻልን በዚህች መኪና በጓሳ በኩል ደብረ ብርሃን መድረስ አለባት። ሌላ መንገድ የለም። የሴትየዋና የልጇ ነፍስ ያለው መኪናዋ መነሳት አለመነሳቷ ላይ ነው።

እሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይጥላታል። መንዝን የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ጥሩ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩ ሜዳውን ነጭ አልብሶት ያድራል፣ በባልዲ ያደረ ውሃ ላዩ ይጋገራል። እንዲህ ባለው ጠዋት ቁልፉን ሲያዞራት ትነሳለች፤ ወዲያው ወባ እንደያዘው ሰው መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል፣ ታስላለች፣ ትጠፋለች። ነዳጅ ሲረግጥላት ትጮኻለች፣ እግሩን ሲያነሳ ትጠፋለች። "ሚኒሞ አልይዝ አለችኝ" ይላል። ሚኒሞ የሚሉት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ ቀስ ብሎ የሚዞርበትን ነው። ፀሐይ ወጥታ እሷም ከሞቀች በኋላ ደግሞ እንደዚያች ያለች ጨዋ የለችም፤ ድምፅዋ አይሰማም። በዚህ ጠባይዋ ባልቴቷ ብሎ ስም አወጣላት። ኮፈኗን ሳይከፍት በፊት ሁለቴ ያንኳኳል፣ የሰው ቤት እንደሚያንኳኳ። "ደኅና አደርሽ? ዛሬስ እንዴት አደረገሽ?" ይላታል። አስታማሚዎቹ ይስቃሉ፤ እሱ አይስቅም።

አገሬው በሽታዋን አወቀላት፦ ብርድ መትቷታል። ለመንዝ ሰው ይኼ ክርክር የለውም። ጠዋት ተንቀጥቅጦ ቀትር ላይ የሚድን ነገር ሌላ ምን ሊሆን ነው? አንዱ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣችሁ ቀቧት አለ። አንዱ አረቄ ስጧት አለ፤ ይኸኛው እውነቱን ይሁን ሲቀልድ አላወቅንም። መሪጌታው ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠበል ረጯት። አንዲት ሴት ደግሞ፣ በዚህች መኪና ደርሳ መንታ የተገላገለች፣ ያን የመሰለ ጥቁር ባና ይዛ መጣች። የጥቁር በግ ፀጉር ራሷ ፈትላ፣ ባሏ ሸምኖት፣ ብርድ ልብስ ሳይሆን ግድግዳ የሚያህል ባና ነው። "እኔን ያወጣችኝን ብርድ አላስመታትም" አለች። ኮፈኗ ላይ አለበስናት።

ጋሽ ወንድይራድም አመነ። ያ ሁሉ ጉራ፣ ያ ሁሉ የሰሜን ጦር ሹፌርነት እያለ እሱም የአገሩ ሰው ነውና ብርድ ነው ብሎ አመነ። ማታ ባናውን ያለብሳታል፣ ጠዋት ያወልቅላታል። አንድ ቀንማ ከሆዷ ሥር ኩበት አንድዶ ሊያሞቃት ሲል ኃላፊያችን ደርሶ ጮኸበት። ኃላፊያችን ከዞን የተመደበ፣ ወረቀት የሚወድ፣ ፈሪ ሰው ነበር። ባናውን ግን እሱም ወደደው። እንግዳ ሲመጣ እየወሰደ ያሳያል፤ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነው ይላል። ሪፖርት ላይም አስገብቶታል፣ እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ።

ጋራዥ ሄዳ አታውቅም እንዳትሉኝ። ደብረ ብርሃን ጋራዥ በወሰዳት ቁጥር እየሞቀች ነው የምትደርሰው። መካኒኮቹ ያስነሷታል፣ ጆሯቸውን ያቀናሉ፣ ምንም የላትም ይላሉ። እሱ ትደር፣ ጠዋት ስትነሳ እዩልኝ ብሎ ይለምናል። ኃላፊያችን ደግሞ ለማደሪያ አበል የለም፣ ዛሬውኑ ይዘሃት ና ይለዋል። እንዲህ እየተመላለሰ ካንዴላዋ ተቀየረ፣ ካርቡራተሯ ታጠበ። ጠዋት ተመልሳ ያው ናት። "ጠዋት ያላዩዋት ሰዎች ስለ ጠዋቷ ምን ያውቃሉ" እያለ ይበሳጭ ነበር፤ ይበሳጭና ባናውን ያለብሳታል።

ከዚያ ያቺ ልጅ መጣች። ስሟን ባልጠራው ይሻለኛል። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ገና ልጅ ናት ራሷ። ጎህ ሲቀድ በቃሬዛ አመጧት፤ ደም ይፈሳታል፣ እኔ የማቆመው አልነበረም። ጋሽ ወንድይራድ ባናውን ገፎ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ደገመ። ሰለሰ። ባትሪዋ ደከመ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ገፋት፣ ተነሳች፣ ማርሽ ሲያስገባ ጠፋች። እኔ ከኋላ ሆኜ የልጅቷን እጅ ይዣለሁ፣ እጇ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይታወቀኛል። ፀሐይ ከዛፎቹ በላይ ስትወጣ መኪናዋ ምንም እንዳልነበረባት ቀጥ ብላ መሥራት ጀመረች። ልጅቷን ለቀብሯ ወደ አገሯ የወሰድናት በዚያችው መኪና ነው።

ያን ቀን ጋሽ ወንድይራድ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ሄጄ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። "ብርድ አይደለም፣ ጥሩዬ" አለኝ። "ብርድ ቢሆን ባናው ያድናት ነበር። ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ነኝ ያላገኘሁት።" ከዚያ ወዲያ ሲጎራ አልሰማሁትም።

ጠዋት ጠዋት ማልዶ እየመጣ ከመኪናዋ ጋር ይታገላል። እየነቃቀለ ያያል፣ እየመለሰ ይገጥማል። ካቻቢቴውን በአፉ ነክሶ፣ ጣቶቹ በብርድ ተሰነጣጥቀው ደም ያወጣሉ። እኔ ቅባት ስቀባው ይሳደባል። ኃላፊው ቤንዚን ያባክናል ብሎ ከሰሰው፤ አልሰማውም።

አንድ ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን መጥቶ ደረቱን በማዳመጫዬ እያዳመጥኩ ሳለ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ስጨርስ ምን እንደሰማሁ ጠየቀኝ። አየሩ የሚገባበት ድምፅ ደህና ካልሆነ በዚህ ይለያል አልኩት። ማዳመጫዬን አየው። ገባኝ። እንዳትሰብርብኝ፣ የራሴ ነው፣ እናቴ በግ ሸጣ ነው የገዛችልኝ አልኩት። ይዤው አብሬው ወጣሁ።

መኪናዋን አስነሳት፤ ዘበኛው ውስጥ ገብቶ ነዳጁን እየነካካ እንዳትጠፋ ያዘለት። ጋሽ ወንድይራድ የማዳመጫውን ክብ ራስ ነቅሎ ቱቦዋን ብቻ አስቀረ፤ ጆሮው ላይ ሰክቶ ባዶውን የቱቦ አፍ ሞተሯ ላይ ያዞር ጀመር። ሐኪም ይመስላል ብዬ ልስቅበት አሰብኩና ፊቱን አይቼ ተውኩት። እዚህ ያደርጋል፣ እዚያ ያደርጋል፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ከካርቡራተሩ ኋላ ሲደርስ ቆመ። መለሰ፣ እንደገና አመጣ። ዓይኑን ገለጠ።

"ትተነፍሳለች" አለኝ። "እዚህ ጋ ነፋስ ትስባለች። ነይ ስሚ።"

ሰማሁ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት ነው። አንዲት የጎማ ቱቦ፣ ከጣቴ የማትወፍር፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራት፣ ከታች በኩል ተሰንጥቃለች። ከእሷ የሚገባው ነፋስ ነው ቤንዚኑን የሚያሳሳው። ብርድ ሲሆን ጎማው ይኮማተርና ስንጥቁ ይከፈታል፣ ስትሞቅ ያብጥና ይዘጋል። ለዚህ ነው ቀትር ላይ ጤነኛ የምትሆነው። ይኼን ሁሉ በኋላ ነው ያስረዳኝ። ያን ጊዜ ያደረገው እጄን ይዞ ጣቴን ስንጥቁ ላይ መጫን ነው። መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። ጣትሽን አንሺ አለኝ፣ አነሳሁ፤ ተንቀጠቀጠች። መልሼ ጫንኩ፤ ዝም። እዚያ ውርጭ ውስጥ ቆመን እንደ ሕፃን ሳቅን። ሳቁ መሐል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ያቺ ልጅ ትዝ ብላው እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ትዝ ብላኛለች።

በሽታው ታወቀ፣ መድኃኒቱ ጠፋ። እንዲህ ያለች ቱቦ መሐል ሜዳም ደብረ ብርሃንም አልተገኘችም። ጥያቄው ወደ ዞን ሄደ፤ ዞን ለመለዋወጫ ዕቃ በጀት የለም አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ይታያል ተባለ። ለባና በጀት ቢጠየቅ ኖሮ ይገኝ ነበር፤ ብርድ ልብስ የሚባል ርዕስ አለውና። ጋሽ ወንድይራድ የቁስል ፕላስተሬን ጠቀለለበት፤ ሙቀቱ አላቀቀው። ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ አሰረበት፤ ዳገት ላይ ተበጠሰ።

ከዚያ ግምጃ ቤት ውስጥ የተጣለ አሮጌ የደም ግፊት መለኪያ እንዳለ ነገርኩት። መንፊያው ከተቀደደ ዘመን ሆኖታል። የማይጠቅም ዕቃ ለማስወገድ ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት፣ ኮሚቴው ስለማይሰበሰብ እዚያው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የጎማ ቱቦው ግን ደህና ነበር፣ ወፍራምና ለስላሳ። ኃላፊውን ፈቃድ ጠየቀው። እሱ እሺም እምቢም አላለም፤ አያለሁ አለ፣ ከርሞም አላየም። በዚህ መሐል ከሩቅ ቀበሌ ሌላ ነፍሰ ጡር መጣች፣ ጎህ ሲቀድ፣ ልክ እንደዚያችው። ጋሽ ወንድይራድ ማንንም አልጠየቀም። እኔ የመለኪያውን ቱቦ ጫፍ ያዝኩለት፣ እሱ ስንዝር የምታህል ቆረጠ። የተሰነጠቀችውን በፒንሳ ነቀለ፣ አዲሷን ሰካ፣ ቁልፉን አዞረ።

ባልቴቷ ሚኒሞ ያዘች። ግቢው ሙሉ ውርጭ ነው፣ እሷ ግን ድምፅዋ አይሰማም። ሴትየዋ ደብረ ብርሃን ደርሳ ወንድ ልጅ ወለደች፣ እናትም ልጅም ተርፈው መጡ። ከዚያ ወዲያ ክረምት ከበጋ አንድ ጠዋት እንኳ አላስቸገረችም። ኃላፊያችን በመልካም አመራር የተሽከርካሪ ብልሽት ቀነሰ ብሎ ሪፖርት ላከ። ባናውንም አጣጥፈን አስታማሚ ክፍል አስገባነው፤ ጋሽ ወንድይራድ ሪዙን ቅቤ መቀባት እንደገና ጀመረ።

ቀጥሎ የንብረት ቆጠራ መጣ። ከወረዳ የመጡት ቆጣሪዎች የደም ግፊት መለኪያውን አንስተው ቱቦው መቆረጡን አዩ። ማን ቆረጠው? ተባለ፤ ጋሽ ወንድይራድ እኔ አለ። ነገሩ እዚያው ያበቃል ብዬ ነበር። ይልቅ ግምገማ ተጠራ።

ያን ዘመን ያላዩ ግምገማን የሥራ ስብሰባ ይመስላቸው ይሆናል። ሰው መሐል ቆሞ ጥፋቱን የሚናዘዝበት ነበር። ሥርዓቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ሰውየው ይነሳል፣ ጥፋቴን ተቀብያለሁ፣ ለወደፊቱ አርማለሁ ይላል፤ ሁለት ሦስት ሰው ይወርድበታል፣ ከዚያ ሁሉም ምሳው ይሄዳል። ያልሠራኸውንም ቢሆን ተቀበል፤ ያልተቀበለ ሰው ነው የሚጠፋው። ኃላፊያችን አስቀድሞ ጠርቶት እንዲህ ብሎ መክሮታል፣ እኔም ሰምቻለሁ፦ "አጥፍቻለሁ በል፣ ወንድይራድ። አንዲት ቃል ናት፤ ያልቃል።"

ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ። ካፖርቱን ቆልፎ ነበር የመጣው።

"ቱቦውን ቆርጫለሁ" አለ። "ሴት ልትሞትብኝ ነበር፣ ቆርጫለሁ። ነገም ቢመጣ እቆርጣለሁ። አጥፍቻለሁ ግን አልልም። አጥፍቻለሁ ካልኩ ያቺ የሞተችብን ልጅ ምን ልትሆን ነው?"

ከወረዳ ከመጡት አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጉዳዩ የቱቦ አይደለም፣ የአመለካከት ነው አለ። ሌላው የደርግ ወታደርነቱን አነሳ። እኔ ተነስቼ ጫፉን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የምትቀጡት ከሆነ እኔንም ቅጡኝ አልኩ፤ ቁጭ በይ አሉኝ። ኃላፊያችን፣ ያ በመልካም አመራር ብልሽት የቀነሰው ሰውዬ፣ ወረቀቱን እያየ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጋሽ ወንድይራድ የመንግሥት ንብረት በማጉደል ተባረረ።

እሱስ ይሁን። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ንብረቱ ወደ ነበረበት ይመለስ ተባለ። ቱቦዋ ከመኪናዋ ትውጣና ግምጃ ቤት ትግባ። ማን ያውጣት? የገጠማት። ጋሽ ወንድይራድ በመጨረሻ ቀኑ ኮፈኑን ሁለቴ አንኳኳ። ከፈተ። ቱቦዋን ነቀለ፣ በካፖርቱ እጅጌ ጠራረጋት፣ ለግምጃ ቤት ኃላፊዋ በሁለት እጁ አስረከባት። እሷም በፌስታል ጠቅልላ፣ አሽጋ፣ አስቀመጠች። እሱ የተሰነጠቀችውን አሮጌ ቱቦ ከኪሱ አወጣና መልሶ ሰካት። ለካ አልጣላትም ነበር። ከዚያ አዲስ ለተቀጠረው ፈለቀ ቦታውን አሳየው። "ጠዋት ካስቸገረችህ እዚህ ጋ ጣትህን ያዝባት" አለው። ቁልፉን ሰጠውና በበሩ ወጣ። ወደ ኋላ አላየም።

ባናው እንደገና ወጣ። ባልቴቷም እንደገና ለበሰች።

ለምን ፈለቀ ሌላ ጎማ ፈልጎ አልጠገናትም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬዋለሁ። "በወንድይራድ የደረሰውን አይቼ?" አለኝ። ልጆች አሉት፣ አልፈረድኩበትም። ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ የመንግሥት ዕቃ በእጁ የሚነካ ሰው ጠፋ። አምፖል ሲቃጠል እንኳ በጨለማ እንቀመጥ ነበር። እኔም ብዙ ሳልቆይ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ።

ጋሽ ወንድይራድ እዚያው መንዝ፣ ዘመሮ፣ እህቱ ዘንድ ገብቶ ገብስ ያርስ፣ በግ ይጠብቅ ጀመር። በየዓመቱ ስሄድ እጠይቀው ነበር። ሪዙን ትቶታል፣ ነጭ ሆኗል። ካፖርቱ ግን አለ። ስለ ግምገማው አንስቶ አያውቅም፣ የሰው ስም ጠርቶ ረግሞ አያውቅም። እኔ ስረግም ይሰማኛል፣ እረግምለታለሁ ማለት ይቻላል። ከዚያ ዘወር ብሎ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ፦ "ሚኒሞ ትይዛለች?" አትይዝም እለዋለሁ። አንገቱን ይነቀንቅና ወደ በጎቹ ያያል።

እንግዲህ ፈለቀ መናኸሪያው ላይ የነገረኝ ይኼ ነው። ጋሽ ወንድይራድን ሳንባ ምች ጥሎት የዘመሮ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ጎህ ሲቀድ ጤና ጣቢያው አደረሱት። እዚህ አይሆንም፣ ደብረ ብርሃን ውሰዱት ተባለ። መኪናዋ ውስጥ ከኋላ አስተኙት፤ የሚያለብሱት ሲፈልጉ ባናውን ከኮፈኗ ገፈው አለበሱት። ፈለቀ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ደጋግሞ አዞረ። ባትሪዋ መድከም ጀመረ።

"ከኋላ ድምፁን ሰማሁ" አለኝ ፈለቀ። "እንዴት እንደተናገረ አላውቅም፣ ትንፋሽ የለውም። 'አትደብድባት። ክፈታትና ጣትህን ያዝባት' አለኝ።"

ዘበኛው ቦታውን ይዞ አስነሳት፣ ነዳጁን እየነካካ ያዛት። ፈለቀ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ከካርቡራተሩ ኋላ ስንጥቁን ፈልጎ ጣቱን ጫነበት። መንቀጥቀጡ ቆመ። ጣቱን ቢያነሳ ልትጠፋ ነው፤ ጣቱን ይዞ ደግሞ መንዳት አይችልም። እስክትሞቅ ድረስ እዚያው ቆመ። ውርጭ ነው፣ እጁ ደነዘዘ፣ ከዚያ ሞተሩ ሲግል ደግሞ ጣቱ ተቃጠለ። አልለቀቃትም። አሳየኝ፣ ቁስሉ ገና አልዳነም።

"አንዴ ብቻ ተናገረ" አለኝ። "'አሁን ያዘች' አለ። ደስ ብሎት ነው፣ ሲስተር፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎት ነበር።"

ፀሐይ ወጣች። ፈለቀ ጣቱን አነሳ፣ መኪናዋ አልጠፋችም። ኮፈኑን ዘግቶ፣ በል እንሂድ ጋሽዬ ሊለው ወደ ኋላ ሄደ። ባናው ደረቱ ላይ አይንቀሳቀስም ነበር።

ለአርባው ዘመሮ ስሄድ መንገዴን ሰብሬ ጤና ጣቢያው ገባሁ። ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ያችው ናት፣ አርጅታለች፤ ሳመችኝ። ያቺን ቱቦ አሳይኝ አልኳት። ምን ትሠራልሻለች ብላ አልጠየቀችኝም። ከላይኛው መደርደሪያ ፌስታሉን አወረደች። ማኅተሙ እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም። ስንዝር የምታህለው ጎማ በውስጡ ትታያለች፣ ለስላሳ፣ ደህና።

"ይኸው" አለችኝ። "ምንም አልጎደለም።"